ሰንሰለቱ ሲንቃጨል፦ ዲስክ ጎልፍ ከቤተሰብ ጋር

የባለፈውን ቅዳሜ ሒሳብ እስቲ ያውጡት። ጠዋት ልጆቹን ወደ አማርኛ ትምህርት አደረሱ። ከዚያ ወደ እግር ኳስ ልምምድ ወሰዷቸው፤ እነሱ ሲሮጡ እርስዎ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ስልክዎን ሲነካኩ ቆዩ። ከሰዓት አስቤዛ፣ ማታ የልደት ግብዣ፤ እዚያም ልጆቹ ቤዝመንት፣ ትልልቆቹ ሳሎን። ቀኑን ሙሉ ከልጆችዎ ጋር ነበሩ። አብራችሁ የሠራችሁት ነገር የቱ ነው ቢባል ግን መልሱ ቶሎ አይመጣም።

ይህ የእርስዎ ቤት ብቻ ጉዳይ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ የምንኖር ብዙ ቤተሰቦች የልጆቻችንን ትርፍ ጊዜ የምናሳልፈው እንደ ሾፌር፣ እንደ ከፋይና እንደ ተመልካች ነው። ለዋና ይከፈላል፣ ለካራቴ ይከፈላል፣ ለመለያና ለጫማ ይከፈላል፤ ልጁ ይጫወታል፣ እኛ እንጠብቃለን። የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነውና አንድ ነገር ሲቀርብልኝ «ምን ያስወጣል? ምንስ ያስገኛል?» ብሎ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። በዚህ መስፈርት ለዚህ ወር የመረጥኩልዎ ጨዋታ ከአንድ የቤተሰብ ምሳ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ፣ ወላጅና ልጅ እኩል ጀማሪ የሚሆኑበት፣ ሁለት ሰዓት ያህል ጎን ለጎን የሚያስኬድ ነው። ስሙ ዲስክ ጎልፍ ይባላል።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ጎልፍን ያስቡ፤ ከዚያ ዱላውንና ኳሱን ያስወግዱ። በኳሱ ፈንታ ከፍሪዝቢ የሚያንስ ግን ጠንከር ያለ የፕላስቲክ ዲስክ አለ። በቀዳዳው ፈንታ ደግሞ በብረት ምሰሶ ላይ የተገጠመ ቅርጫት ቆሟል፤ ከቅርጫቱ በላይ ሰንሰለቶች ተንጠልጥለዋል። ዲስኩ ሰንሰለቱን መትቶ ቅርጫቱ ውስጥ ሲወድቅ ያ ክፍል ተጠናቀቀ ማለት ነው። እያንዳንዱን ክፍል፣ ቀዳዳ ባይኖረውም፣ እንደ ጎልፉ «ሆል» ይሉታል። አንድ ሙሉ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ 18 ሆል አለው፤ 9 ብቻ ያላቸውም አሉ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ከመነሻው ይወረውራሉ፤ ዲስኩ ወዳረፈበት ሄደው ከዚያ እንደገና ይወረውራሉ፤ ቅርጫቱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይቀጥላሉ። ስንት ውርወራ እንደፈጀብዎ ይመዘገባል፤ በመጨረሻ ትንሹን ቁጥር ያስመዘገበ ያሸንፋል። በልጅነትዎ ብይ ተጫውተው ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንብዎትም፤ መጀመሪያ ማስጠጋት፣ ከዚያ ማስገባት ነው። እዚህ ግን ጉድጓዱ ከመሬት ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ሜዳውም ሰፈር ሳይሆን ጫካ ነው።

አብዛኛው ሆል «ፓር 3» ነው፤ ማለትም ጎበዝ ተጫዋች በ3 ውርወራ ይጨርሰዋል ተብሎ የተለካ ነው። ርዝመቱ ከ60 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ከ100 ሜትር በላይ ይደርሳል። ለመጀመሪያው ቀን ግን ፓር የሚባለውን ነገር ይርሱት። 5 ወይም 6 ውርወራ ቢፈጅብዎ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ነዎት።

ከፓይ ሳህን ወደ ሰንሰለት

ልጆች «ይህን ማን ፈጠረው?» ማለታቸው ስለማይቀር መልሱን ይዘው ይሂዱ። በኮኔቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት ከተማ ውስጥ ፍሪዝቢ የሚባል ፓይ ጋጋሪ ድርጅት ነበር፤ ተማሪዎች ባዶውን የቆርቆሮ ሳህን እየወረወሩ ይጫወቱበት ነበር። በኋላ ፍሬድ ሞሪሰን የተባለ ሰው የሠራውን የሚበር የፕላስቲክ ሳህን ዋም-ኦ የሚባለው የካሊፎርኒያ አሻንጉሊት አምራች መብቱን ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ገበያ ላይ አወጣው። ፍሪዝቢ የሚለው ስምም በዚያው ዓመት መጣ።

እዚያው ዋም-ኦ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኤድ ሄድሪክ ደግሞ በሳህኑ ጀርባ ላይ ቀጫጭን ክብ መስመሮች ጨምሮ በረራውን አረጋጋው፤ የፈጠራ መብቱም እ.ኤ.አ. በ1967 ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1975 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ፣ ኦክ ግሮቭ ፓርክ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ የሠራውም እሱ ነው። መጀመሪያ ዒላማው ተራ ምሰሶ ነበር። ምሰሶ ግን ተነካ አልተነካ ያከራክራል። ሄድሪክ በምሰሶው ላይ ሰንሰለትና ቅርጫት ጨመረ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1977 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ዳኛ አያስፈልግም፤ ሰንሰለቱ ይንቃጨላል፣ ዲስኩም ወይ ውስጥ ነው ወይ ውጪ።

ሄድሪክ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሞት፣ በራሱ ኑዛዜ መሠረት፣ የአስከሬኑ አመድ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስኮች ተሠርተውበታል። ለእኛ ባህል እንግዳ ነው፤ ልጆች ግን ይህን ታሪክ አንዴ ከሰሙ አይረሱትም። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለውና «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ስፖርት ነው?» የሚል ልጅ ካለዎት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ፖል ማክቤት የተባለው ተጫዋች ዲስክራፍት ከሚባለው ዲስክ አምራች ጋር የ10 ዓመት፣ የ10 ሚሊዮን ዶላር ውል መፈረሙን ይንገሩት። ዝም ይላል።

የት እንሂድ?

ሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ፣ ለቤተሰብ የሚመች አንድ ቦታ ልጥቀስ፤ ፌርፋክስ ስቴሽን የሚገኘው በርክ ሌክ ፓርክ። ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። 218 ኤከር የሚሸፍን ሐይቅ አለው፤ በሐይቁ ዙሪያ የእግር መንገድ፣ ለትንንሽ ልጆች የምትዞር ትንሽ ባቡርና የሚሽከረከሩ ፈረሶች፣ ጥላ ያላቸው የመመገቢያ ጠረጴዛዎችም አሉት። የዲስክ ጎልፉ ሜዳ 18 ሆል ሲሆን ዛፍ የበዛበት ነው። ፓርኩ የፌርፋክስ ካውንቲ ንብረት ስለሆነ ለካውንቲው ነዋሪ መግቢያው ነፃ ነው፤ ከሌላ ካውንቲ የሚመጡ በሞቃቱ ወራት ቅዳሜና እሁድ ለመኪና መግቢያ ይከፍላሉ።

አርሊንግተን ያላችሁ ብሉሞንት ፓርክ ውስጥ ሜዳ አለላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግና ጌትዝበርግ አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ሴኔካ ክሪክ ስቴት ፓርክ ቅርብ ነው። ሌላ ቦታ ከሆኑ ዩዲስክ የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ ከፍተው በአቅራቢያዎ ያሉትን ሜዳዎች በካርታ ያያሉ፤ የእያንዳንዱን ሆል ርዝመትና የተጫዋቾችን አስተያየትም ያሳያል። አብዛኞቹ የአሜሪካ ሜዳዎች በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ያሉና ክፍያ የማይጠይቁ ናቸው። ቀጠሮ መያዝ፣ አባል መሆን፣ የተለየ ልብስ መልበስ የለም። ከተራው ጎልፍ ጋር ሲያነጻጽሩት ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

ምን እንግዛ?

ዲስኮች በአጠቃላይ ሦስት ዓይነት ናቸው። ድራይቨር ለሩቅ ውርወራ፣ ሚድሬንጅ ለመካከለኛ፣ ፓተር ደግሞ ቅርጫቱ አጠገብ ሲደርሱ። ሦስቱንም የያዘ የጀማሪ ጥቅል በስፖርት ዕቃ መደብር ከ25 እስከ 30 ዶላር ገደማ ያገኛሉ፤ አንድ ዲስክ ለብቻው ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው። ለአራት ሰው ቤተሰብ ለመጀመሪያው ቀን ሁለት ጥቅል ይበቃል፤ ተራ በተራ ነውና መዋዋስ ይቻላል።

ዲስኩ ላይ አራት ቁጥሮች ታትመው ያያሉ። የመጀመሪያው የፍጥነት ቁጥር ነው፤ ከሁሉ በፊት እሱን ይመልከቱ። ሻጩ ትልቅ ቁጥር ያለውን «ይሄ በጣም ሩቅ ይሄዳል» ብሎ ሊያሳይዎ ይችላል። ሩቅ የሚሄደው ግን በኃይል መወርወር ለሚችል ሰው ብቻ ነው። ፍጥነቱ 12 የሆነ ዲስክ በጀማሪ እጅ ወዲያው ወደ ጎን ይጠመዘዝና ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። እርስዎም ልጆችዎም ከ7 በታች የሆነውን ይምረጡ። ክብደቱም ይታያል፤ ለልጆች 150 ግራም አካባቢ የሆነው ይቀላል።

ቀለሙንም ያስቡበት። አረንጓዴ ዲስክ በበጋ ሣር ውስጥ አይታይም፤ ቢጫና ብርቱካናማው ደግሞ ቅጠል በሚረግፍበት በኦክቶበር ይጠፋል። ደማቅ ሮዝና ሰማያዊ ሁልጊዜ ያዋጣሉ። በመጨረሻም በማይለቅ ማርከር በዲስኩ ሆድ ላይ ስምና ስልክ ቁጥርዎን ይጻፉ። በዚህ ጨዋታ ልማድ የጠፋ ዲስክ ያገኘ ሰው ለባለቤቱ ደውሎ ወይም መልእክት ልኮ ይመልሳል። የሌላ ሰው ዲስክ ሲያገኙ ስልኩን ደውሎ «ዲስክዎን አግኝተናል» የማለቱን ሥራ ለልጅዎ ይስጡት።

የመጀመሪያው ሆል

መነሻው ላይ ቆመዋል። አጠገብዎ ያለው ምልክት የሆሉን ቁጥር፣ ርዝመትና ቅርጫቱ በየት በኩል እንዳለ ያሳያል። ቀኝ እጅዎን የሚጠቀሙ ከሆነ ቀኝ ትከሻዎን ወደ ቅርጫቱ አዙረው በጎን ይቁሙ። አውራ ጣትዎ ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከታች ጠርዙን ጨብጠው ይያዙ። ዲስኩን በደረትዎ ከፍታ ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ከዚያ ቀጥ ባለ መስመር ወደፊት አምጥተው ይልቀቁት። ጉልበት ቀስ ብሎ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዲስኩ ሳያዘነብል፣ በደንብ እየተሽከረከረ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ብዙ ጀማሪ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ይለቀዋል፤ እንዲህ የተለቀቀ ዲስክ ወደ ላይ ይወጣና ደክሞት ይወድቃል።

የመጀመሪያው ውርወራዎ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ቢታጠፍ አይደንግጡ። በቀኝ እጅ፣ በዚህ አያያዝ የተወረወረ ዲስክ ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይሽከረከራል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ወደ ግራ ያዘነብላል። ግራኝ ከሆኑ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ከቅርጫቱ ትንሽ ወደ ቀኝ አልመው ይወርውሩ፤ ዲስኩ ራሱ ዞሮ ይመጣል። ይህን ለ10 ዓመት ልጅ አንዴ ካሳዩት በሁለተኛው ሆል ላይ እሱ ለእርስዎ ማስረዳት ይጀምራል።

ቅርጫቱ ወደ 10 ሜትር ሲቀርብ ፓተሩን ያውጡ። ከዚህ ርቀት ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ወርውረው ሚዛንዎን ሳይጠብቁ ወደፊት መራመድ አይፈቀድም። ስለዚህ ቆም ብለው፣ ሰንሰለቱ መሐል ላይ ዓይንዎን ተክለው፣ ለስለስ አድርገው ይልቀቁት። የሰንሰለቱን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ልጅ ፊቱን ማየት ለብቻው ቅዳሜን የሚያስወጣ ነው።

በውርወራ መካከል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ሰው በ18 ሆል በአማካይ 4 ጊዜ ቢወረውር 72 ውርወራ ነው። አንዱ ውርወራ 10 ሰከንድ ቢፈጅ ድምሩ 12 ደቂቃ ይሆናል። ዙሩ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የቀረው አንድ ሰዓት ከ48 ደቂቃ መራመድ፣ ተራ መጠበቅና ዲስክ መፈለግ ነው። ሌላ ስፖርት ይህን እንደ ብክነት ይቆጥረዋል። ለእርስዎ ግን የመጡበት ጉዳይ እሱ ነው።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠው «እስቲ ንገረኝ፣ ትምህርት ቤት እንዴት ነው?» ቢሉት «ደህና ነው» ይልዎታል። ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ ዓይኑ ዛፍ ላይ፣ ሐሳቡ ዲስኩ ላይ ሆኖ ግን ሳይጠየቅ ይናገራል። ምርመራ አይመስለውማ። ስለዚህ አንድ ሕግ ለራስዎ ያውጡ፤ ሜዳው ላይ ስለ ውጤት፣ ስለ ኮሌጅ፣ ስለ እገሌ ልጅ አይነሣም። በሦስተኛውና በአራተኛው ሆል ዝምታ ቢሆንም ይታገሡ። እስከ አሥረኛው የሚመጣ ነገር አይጠፋም።

የጨዋታው ሕግ ራሱ ያግዝዎታል። ከቅርጫቱ የራቀው ነው ቀድሞ የሚወረውር። የስምንት ዓመቷ ልጅዎ ዲስኳን 15 ሜትር ብቻ ብትልከው ሁላችሁም እሷ ጋ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ማንም ጥሏት አይሄድም። ልዩነቱ ከሰፋ በጥንድ ይጫወቱ። ሁለቱም ይወረውራሉ፣ የተሻለው ይመረጣል፣ ሁለቱም ከዚያ ይቀጥላሉ። እናትና ትንሿ በአንድ በኩል፣ አባትና ትልቁ በሌላ በኩል ሲሆኑ ጨዋታው እስከ መጨረሻው ሆል ያጓጓል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችን ቤት ውስጥ የሚሰሙትን አማርኛ እስቲ ያዳምጡት፤ ብላ፣ ተኛ፣ ፍጠን፣ ስልኩን አስቀምጥ። አብዛኛው ትእዛዝ ነው። ትእዛዝ ብቻ የሆነ ቋንቋ ደግሞ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ሜዳው ላይ ሌላ አማርኛ ይመጣል፤ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ዘንበል አርገው፣ ነፋሱ ከግራ ነው፣ ቅርንጫፉን ለጥቂት ሳተው፣ ትንሽ ቀረሽ፣ አይዞሽ! ውርወራውን በአማርኛ መቁጠርን የጨዋታው ደንብ ያድርጉት፤ የተሳሳተ አንድ ውርወራ ይጨመርበታል። «ዳገት» የሚለውን ቃል ዳገት ላይ ቆሞ የተማረ ልጅ ከመጽሐፍ ካነበበው ይበልጥ ይይዘዋል።

ደግሞም እርስዎ ጀማሪ ነዎት፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ አገር ብዙ ልጆች የወላጆቻቸው አስተርጓሚ ናቸው፤ የመድን ደብዳቤ ያነባሉ፣ የትምህርት ቤቱን ፎርም ይሞላሉ። ይህ ወላጅን ዝቅ፣ ልጅን ከዕድሜው በላይ ከፍ ያደርጋል። በዚህ ሜዳ ግን ሁላችሁም በአንድ ቀን ጀመራችሁ። እርስዎ ዛፍ ሲመቱ ልጅዎ ይስቃል፤ እሱ ሲመታ እርስዎ ይስቃሉ። ሦስተኛ ጊዜ ስትሄዱ ምናልባት ያሸንፍዎታል፤ ያሸንፍዎት፣ ያስተምርዎትም።

አያትም ይምጡ

እናትዎ ከአዲስ አበባ ለጥቂት ወራት መጥተው ከሆነ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፉት ያውቁታል። እርስዎ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እሳቸው ከቴሌቪዥኑ ጋር። መኪና ካልተነዳ የትም የማይደረስበት ሰፈር ውስጥ፣ ዘመድ ጎረቤት ለምደው ለኖሩ ሰው ይህ ከባድ ነው። ይዘዋቸው ይምጡ። የጫካው መንገድ ሥር የበዛበት ስለሆነ ጉልበታቸው ከፈቀደ ጥቂት ሆል አብረው ይሂዱ፤ ካልሆነ በሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ይሻላቸዋል። ውጤት መዝጋቢነቱንም ለእሳቸው ይስጡ። ወረቀትና እርሳስ ይዘው «አንተ ስንት ነው ያልከው? አራት ነው ሦስት?» ብለው የልጅ ልጃቸውን ሲያፋጥጡ፣ ልጁ በአማርኛ ከመከራከር ሌላ ምርጫ የለውም። በወረቀት መመዝገብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ስልኮቹ ቦርሳ ውስጥ ይቆያሉ።

ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ደግሞ ሕጉ አይመለከታቸውም። ቅርጫቱ ሥር ቆመው አንድ ፓተር ደጋግመው ያስገቡ። ሲሰለቻቸው አንዱ ወላጅ ወደ ትንሿ ባቡር ይዟቸው ይሂድ።

ሥርዓትና ጥንቃቄ

ይህን ክፍል ሳያነቡ አይሂዱ። የጎልፍ ዲስክ እንደ ፍሪዝቢ በእጅ የሚቀለብ አይደለም፤ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ጥርስ ይሰብራል። ልጆችዎን ሁልጊዜ ከወርዋሪው ኋላ ያቁሙ። ፊት ለፊት እግረኛ ወይም ሌላ ተጫዋች ካለ እስኪያልፍ ይጠብቁ። ዲስክዎ ወደ ሰው ከሄደ «ፎር!» ብለው ይጩኹ፤ እርስዎ ይህን ድምፅ ሲሰሙ ደግሞ ራስዎን ሸፍነው ጎንበስ ይበሉ። ከኋላዎ የሚመጡት ከእርስዎ ከፈጠኑ «እለፉ» ብሎ ማሳለፍ የሜዳው ጨዋነት ነው። የጠፋ ዲስክ በውድድር ሕግ 3 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ከቤተሰብ ጋር ሲሆን ትንሽ ቢረዝም ማንም አይቆጣም፣ ሰው እስካልጠበቀ ድረስ።

የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ጫካ መዥገር አለበት፤ አንዳንዱ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ረጅም ሱሪ ይልበሱ፣ ካልሲዎን ከሱሪው ላይ ይሳቡት፣ የነፍሳት መከላከያ ይቀቡ። ቤት ሲገቡ የልጆቹን ከጉልበት ኋላ፣ ብብት፣ ከጆሮ ኋላና የፀጉር ሥር ይመልከቱ። ሦስት ሦስት ቅጠል በአንድ ዘንግ ላይ የሚያወጣው ፖይዝን አይቪ የሚባል ተክል ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ ዲስኩ እሱ መሐል ከገባ በረጅም እንጨት ያውጡት፣ ከዚያ ዲስኩንም እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። ውኃ በብዛት ይያዙ። ነጎድጓድ ከሰሙ ጨዋታውን አቋርጠው ወደ መኪናዎ ይመለሱ።

ጊዜ የለኝም ለሚሉ

ቅዳሜና እሁድ የሚሠሩ ብዙዎች ናችሁ፤ ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ታክሲ። 18 ሆል መጨረስ ግዴታ አይደለም። 9 ሆል አንድ ሰዓት ነው። በጁንና በጁላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ከሥራ መልስ፣ ከእራት በፊት አንድ ሰዓት ይገኛል። በክረምቱ ወራት ደግሞ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ስለሚያራግፉ ዲስኩ ከሩቅ ይታያል፣ መዥገሩም ይቀንሳል፤ ካፖርት ደርቦ መጫወት የለመዱ ሰዎች ያንን ወቅት ይመርጣሉ።

አንድ የመጨረሻ ሒሳብ ላስቀምጥልዎ። ልጅዎ ዛሬ 10 ዓመቱ ከሆነ ኮሌጅ እስኪገባ 8 ዓመት ያህል ቀርቷል፤ ይህ 416 ቅዳሜ ነው። 16 ሲሞላውና መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የቀሩትን ቅዳሜዎች ከጓደኞቹ ጋር ስለሚያሳልፍ ወደ 300 አካባቢ ይወርዳል። ከእነዚህ ውስጥ የሥራ፣ የሠርግ፣ የልቅሶ፣ የዝናብ ቀን ሲቀነስ የሚተርፈው ብዙ አይደለም። ሁሉንም ለዲስክ ጎልፍ ይስጡ አልልም። በወር አንድ ቢወጣለት ግን በዓመት 12 ይሆናል፤ 12 ጊዜ አንድ ሰዓት ከ48 ደቂቃ።

ለመጀመር ይህን ያድርጉ። በዚህ ሳምንት ሁለት ጥቅል ዲስክ ይግዙ። ስልክ ቁጥሩን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉበት። ዓርብ ማታ ውኃ፣ ዳቦ ቆሎና ብርቱካን በቦርሳ አዘጋጅተው ከዲስኮቹ ጋር መኪናው ኋላ ያስቀምጡ። ቅዳሜ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሜዳውም ሳይጨናነቅ ይድረሱ። ለመጀመሪያው ቀን ስድስት ሆል ተጫውተው ያቁሙ፤ ልጆቹ «አንድ እንጨምር» እያሉ መሄድ ደክሟቸው ከመሄድ ይሻላል። ዲስኮቹንም ወደ ቤት አያስገቧቸው፤ መኪናው ኋላ ይቆዩ። በሚቀጥለው ጊዜ ከልምምድ መልስ አንድ ሰዓት ሲተርፍዎ ወደ ቤት ከመታጠፍ በፊት የሚጠይቅ ልጅ ይኖራል።